ሁለት አውራ ጣት

«ዶላሩን የመነዘረው ደምሌ ብቻ ነው» አሉ መሪጌታ፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው እንደቆሙ። ለቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ የተላከውን ገንዘብ ከባንክ ውጭ የመነዘሩት ሁለቱም አብረው ነበር። ነገር ግን ደምሌ ከሞተ ሳምንቱ ነው፤ መሪጌታም መካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ የመጡት ሁሉን በሟቹ ላይ አላክከው ሊመለሱ ነበር።

ከባሕር ዳር የመጣው የምንዛሪ ተቆጣጣሪ ቀና አለ። «ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱን የከፈለ ሰው ፍርድ ቤት አይቆምም፣ መሪጌታ። ደምሌ ዛሬ ጧት መጥቶ አምኖ፣ ድርሻውን ከፍሎ ሄዷል። የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«ደምሌን እኮ የገነዝኩት እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

ተቆጣጣሪው የቀለዱበት መስሎት ደምሌ የፈረመበትን የስምምነት ወረቀት አዞረላቸው። «ይኸው አሻራው። አንድ ጣት ይበቃል ስለው እጆቹን አላላቅቅም አለ።»

ከደምሌ ስም አጠገብ ሁለት የአውራ ጣት አሻራዎች ተጣብቀው አርፈዋል። ቀለም ያልነካው ቀጭን መስመር ሁለቱንም አግድም ያቋርጣቸው ነበር። መሪጌታ መስመሩን አወቁት። ሬሳውን ሲገንዙ አውራ ጣቶቹን አጋጥመው በነጭ ክር ያሰሩት እሳቸው ነበሩ።

«እርስዎስ ይፈርማሉ?» አለ ተቆጣጣሪው፣ የቀለሙን ሳጥን እያስጠጋ።

መሪጌታ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ግራውም አብሮ መጣ።