ያልተላጠችው ሉል

«ምላጩን ወደ ኪስዎ ይመልሱት፣ ሐጂ» ትላለች ለጢፋ።

ሐጂ ሙሐና አይመልሱትም። ሉል ከሚመረምረው ማሽን አጠገብ፣ የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል። በሙሐረቅ ከተማ ደብዛዛ ሉል የያዘ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው፤ የላይኛውን ልባስ በምላጭ ልጠው ከሥሩ የሚያበራውን ያወጡለታል።

«ደሞ በመብራት ምን ሊታይ ነው? ሉልም ፎቶ መነሳት ጀመረ? እነዚህ ጣቶች አርባ ዓመት አይተዋል!»

«አምናም አይተው ነበር።»

አምና ለጢፋ ባሕር ጠልቃ ያወጣቻት ሉል፣ ሲልጧት እጃቸው ላይ ለሁለት ተሰነጠቀች። «ዕጣሽ ነው» አሏት። እሷም እሺ ብላ ሄደች። ዛሬ ግን ከጀልባ እንደወረደች፣ ጸጉሯ እንኳ ሳይደርቅ፣ በቀጥታ የመጣችው ወደዚህ ነው። ወሬ ደግሞ ከሰው ይቀድማል፤ ሐጂ ተከትለዋት ገቡ።

የላቦራቶሪው ባለሙያ በድሪያ ሉሏን ጥቁር ጨርቅ ላይ ታስቀምጣለች። የሽምብራ ፍሬ ታህላለች፤ ሻይ የፈሰሰባት ይመስል ቡናማ ናት። ለጢፋ በጠለቀችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት እንዲህ ያለች ትልቅ አግኝታ አታውቅም። ባሕሩ የግራ ጆሮዋን ካደነቆረባት ወዲህ ሲክሳት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«አይጎዳትም?»

«አይነካትም፣ እህቴ። ዐይናችን የማያየው ብርሃን ነው። ገብቶ ይመለሳል፤ ያየውን እዚህ ያሳየናል።»

ስክሪኑ ላይ የሉሏ ውስጥ ይታያል፤ ልባስ በልባስ ላይ፣ እንደ ሽንኩርት። በድሪያ ቀስ እያለች ታዞራታለች። የላይኛው ልባስ ወጣ ገባ ነው። ከሥሩ ያሉት ግን አንድ ወጥ ናቸው።

«አላልኩም!» ሐጂ ከወንበራቸው ይነሳሉ። «ውስጧ ሙሽራ ተቀምጣለች! ስጪኝ፣ አሁኑኑ ልግለጣት!»

«ቆይ» ትላለች በድሪያ።

ጥቁር መስመር ብቅ ብሏል። በድሪያ ደጋግማ ታየዋለች።

«ስንጥቅ ነው። አራተኛው ልባስ ሥር። አቅፎ የያዛት ከላይ ያለው ነው፤ ከተላጠች ትፈርሳለች።»

ሐጂ ምላጫቸውን አንስተው ወደ ለጢፋ ጠጋ ይላሉ፤ በግራዋ በኩል ያንሾካሹካሉ። እሷ ቀኟን ታዞራለች።

«አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

ሐጂ በድሪያን በጎን ያያሉ። መድገሙ ከብዷቸዋል፤ ግን ይደግሙታል። «ስንጥቁ ላቦራቶሪው በሚሰጥሽ ምስክር ወረቀት ላይ አይጻፍ እያልኩ ነው። ከላይ ማን ያየዋል? ያገኛት ሐጂ ሙሐና ነው ይባል፤ ስሜን ያመነ ዐይኑን ጨፍኖ ይገዛታል። ለሁለታችንም ይበጃል።»

«ጻፊው፣ በድሪያ» ትላለች ለጢፋ። «ስንጥቁን ጻፊው። ያገኘኋትም እኔ መሆኔን ጻፊ። ለጢፋ ቢንት ጁምዓ።»

«አበድሽ እንዴ? ማን ይገዛልሻል!»

«ካልገዙ አንገቴ ላይ ትዋላ! አምና ዕጣሽ ነው አሉኝ። ምን ዕጣ አለ፣ ሐጂ? ውስጧን ሳያዩ ነው የላጧት።»

በድሪያ ትጽፋለች። ለጢፋ ጥፍሮቿ በዛጎል በተሸራረፉት እጇ፣ ሳትቸኩል ትፈርማለች። ሐጂ ሲወጡ ልትሰማ ጆሮዋን ወደ በሩ ትሰጣለች። በሩ አይከፈትም።

ዞር ስትል ሐጂ ስክሪኑ ላይ አጎንብሰዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል።

«እስቲ መልሰሽ አዙሪያት፣ ልጄ» ይላሉ በቀስታ።

በድሪያ ወደ ለጢፋ ትመለከታለች። ሉሏ የእሷ ናት። ለጢፋ ሽማግሌውን ትንሽ ታስጠብቃቸዋለች።

«አዙሪላቸው» ትላለች።

ጣቶቻቸው ሊያዩት ያልቻሉት ጥቁር መስመር ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ሐጂ ሙሐና ውሃ ሥር እንዳለ ሰው ትንፋሻቸውን ውጠዋል።