አስኳል

አምፖሏን አስኳል ብሎ የሰየማት ወንዴ ነው። ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጠው ቺፕ ላይ፣ ብርሃኑን ነጭ የሚያደርገውን ቢጫ ዱቄት አብዝቶ ቀባው። ነጭ መሆን የነበረበት ብርሃን የእንቁላል አስኳል መሰለ። እንዲህ ያለ ቀለም ገበያ ላይ የለም። ላብራቶሪው ሳቀ። ወንዴም ሳቀ።

ናዝራዊት አልሳቀችም። ጥናቱ የሁለቱም ነው።

አማካሪያቸው ዶክተር ደመቀ ስለ ቀለሙ ግድ አልነበራቸውም። የሚፈልጉት ደጋ ላይ፣ ብርድና ዝናብ ውስጥ የምትቆይ አምፖል ነው። ከዚህ በፊት ወንዴ የሠራቸው አምፖሎች ውሃ አስገብተው ተቃጥለዋል።

«ክረምቱን ከወጣች ትቀጥላለህ» አሉት። «ከጠፋች ግን ቦታህን ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ።»

ወንዴ ጠርዟን በሲሊኮን ደፈነ። አደረቀና እንደገና ደፈነ። ባልዲ ውስጥ ነክሮ አሳደራት። ጧት ስትበራ አገኛት።

በደባርቅ መንገድ ላይ ወዳለችው ኮሶዬ ወሰዷት። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ምሰሶ ላይ፣ ከነሶላሯ ሰቀሏት። ጥበቃው አያ ቢያዝን ከሥር ቆመው አንጋጠጡ።

ወንዴ ስሟ አስኳል እንደሆነ ነገራቸው።

«ምነው ታዲያ ዶሮዋን ትተህ መጣህ?» አሉት።

ሰኔን ሙሉ አያ ቢያዝን ለናዝራዊት ይደውሉ ነበር። በርታለች ይላሉ። ሸጋ ናት ይላሉ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ሳያያት አያልፍም፤ ከየት ትገዛለች እያለ የሚጠይቃቸው በዝቷል። ናዝራዊት ለወንዴ ትነግረዋለች። በነገረችው ቁጥር ጎንደር ፒያሳ ወስዶ ማኪያቶ ይጋብዛታል። ክረምቱ ሲወጣ ስለሚሠሩት አምፖል ያወራል። እሷ በመስኮቱ ባጃጆቹን ታያለች።

ሐምሌ ላይ የደባርቅ መንገድ ተዘጋ። ኔትወርኩም አንዳንዴ ነው የሚመጣው።

ነሐሴ ላይ አያ ቢያዝን ደወሉ። ድምፃቸው ይቆራረጣል።

«መብራቷ ጠፋች፣ ልጄ።»

መቼ እንደጠፋች ጠየቀቻቸው። ሌሊት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ዝናቡ ከባድ ነበር። ውሻው ሲጮህ አድሯል፤ እሳቸው ግን ዝናቡን ፈርተው ከጎጇቸው አልወጡም። ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ።

ዝናብ፣ አለች ናዝራዊት በልቧ።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ አያ ቢያዝን። መንገድ ሲከፈት መጥቼ ፈትቼ አያታለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት።»

«ምኗን?» አሉ።

መስመሩ ተቋረጠ።

ለወንዴ ላብራቶሪ ውስጥ ነገረችው። እጁ ላይ የነበረውን ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በደንብ ነው የደፈንኳት አላት። ባልዲውን አስታወሳት።

«በደንብ ደፍነሃት ቢሆን አትጠፋም ነበር» አለችው።

ዶክተር ደመቀ ማን እንደደፈናት ጠየቁ። ያውቃሉ። ናዝራዊት ግን መለሰችላቸው። ስሙን ስትጠራ ምንም አልተሰማት። ቆይቶ ይሰማኛል ብላ ጠበቀች። ቆይቶም አልተሰማት።

ወንዴ የላብራቶሪውን ቁልፍ መለሰ። ሻንጣውን ይዞ ኮላ ድባ፣ አባቱ ዘንድ ገባ። አንድ ቀን ደወለችለት። እህቱ ባንቺአየሁ አነሳች። ጤፍ ሊዘራ ማሳ ወርዷል አለች። ምን ልበለው አለች። ናዝራዊት ምንም አለች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝግ ሆነ።

ናዝራዊት ሌላ አምፖል ሠራች። ዱቄቱን መጥና ቀባች። ብርሃኑ ነጭ ወጣ። ላብራቶሪው ውስጥ ማንም አልሳቀም።

መንገዱ ጥቅምት ላይ ተከፈተ። ናዝራዊት መፍቻና የፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ኮሶዬ ሄደች። ውሃው በየት በኩል እንደገባ ፈትታ ልታይ ነው። አያ ቢያዝን ግቢው በር ላይ ተቀበሏት። አብረው ምሰሶው ሥር ቆሙ። አንጋጠጠች። የተቆረጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«አምፖሏስ?»

«ጠፋች አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ወደ ጎንደር ስትመለስ ጉም ወረደ። ሚኒባሱ ማዝገም ጀመረ። ናዝራዊት ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ነበር።

ከመንገዱ ዳር፣ ከአንድ ሥጋ ቤት በር በላይ፣ አስኳል በርታለች።