ማስቲሽ የኔ ነው

«ማስቲሽ የኔ ነው።»

«አይደለም... ቀድሜ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ሁለት ጎልማሶች ናቸው። አንዱ የመኪና ቀለም ቀቢ፣ አንዱ ኤሌክትሪሺያን... ጋራዥ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ይጨቃጨቃሉ።

እኔ ደግሞ የመኪናዬ ፍሬን እስኪሠራ በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ጥያለሁ። ሥራ ፈት ምን ያደርጋል...

ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ የባስኬት ሜዳ ተስሏል። ተጫዋቾቹ ብሎንና ያረጀ ካንዴላ ናቸው።

ለካ የምሳ ሰዓት ጨዋታቸው ነው። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ድሮም ዘንድሮም ከተጫወተው ሰው ሁሉ መርጠው፣ እያንዳንዳቸው የምንጊዜም ምርጥ አምስት ያወጣሉ። ከዚያ ማን ማንን እንደሚይዝ ሲከራከሩ ምሳቸው ይቀዘቅዛል።

አንድ ሕግ አላቸው... በዚያ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው አይመረጥም።

«ለምን?» አልኩት ቀለም ቀቢውን።

«ድሮ ሁሉም ራሱን እየመረጠ ልንደባደብ ነበራ። አሁን ለመመረጥ ወይ መሞት ነው... ወይ መውጣት።»

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ገባች። ትከሻዋ ላይ የስፖርት ቦርሳ አንጠልጥላለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አባዬ የለም?»

የኔን ፍሬን የሚሠራው ሜካኒክ ልጅ ናት።

«መኪና ሊሞክር ወጥቷል፣ አሁን ይመጣል። ቁጭ በይ የኔ ልጅ» አላት ኤሌክትሪሺያኑ። «ምን ሆነሻል?»

«ባስኬቱን ልተወው ነው። ማሊያውን ልመልስ እየሄድኩ ነው... መጀመሪያ ለአባዬ ልንገረው ብዬ ነው።»

«ምነው?»

«ሁሌ የሚያስገቡኝ ሰው እንድይዝ ነው። እኔ ሰው ሳሳድድ እውላለሁ፣ ጭብጨባው ላስቆጠረችው ነው። ማንም አያየኝም። እማዬ እንኳን ስገባ የምትጠይቀኝ ስንት አስቆጠርሽ ብላ ነው።»

ሁለቱም ማጽናናት የሚያውቁበት አይመስልም... ክርክር ግን ያውቁበታል።

«እሺ አንቺ ፍረጂን» አለ ቀለም ቀቢው። «የሱ ቡድን ውስጥ ምሰሶ አለ። ሳይዘል ቅርጫት የሚነካው ረጅሙ። ሚጢጢም አለ፣ ኳስ ይዞ ሲሮጥ የት እንደገባ የማይታወቀው። እኔ ማስቲሽን ካገኘሁ ግን ሁለቱንም አልፈራም።»

«ማስቲሽ ስንት ያስቆጥራል?»

«ምንም» ብሎ ሳቀ ኤሌክትሪሺያኑ። «አንድ ቀን ተሳስቶ አስቆጥሮ እሱ ራሱ ደንግጧል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያጣላችሁ?»

ኤሌክትሪሺያኑ ረጅሙን ካንዴላ አነሳ።

«ይሄ ምሰሶ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ያቆመው ሰው አልነበረም። ማስቲሽ የያዘው ቀን ግን ኳስ መቀበል ራሱ አቃተው። ግራ ሲል ግራ አለ፣ ቀኝ ሲል ቀኝ አለ። ሲያልቅ ምሰሶ ምን ብሎ ጠየቀን መሰለሽ... ይሄ ሰውዬ ቤቴ ድረስ ሊከተለኝ ነው ወይ?»

ቀለም ቀቢው ግን አልሳቀም።

«እሱ ከኋላ ካለ የቀሩት አራቱ ፈርተው አይጫወቱም። ብሳሳት እሱ አለ ትያለሽ። እኔ ከሱ ጋር ስጫወት ጎበዝ ነበርኩ። ጉልበቱ ተጎድቶ ሲያቆም... እኔም ለካ ያን ያህል አልነበርኩም።»

ልጅቷ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እንዲህ ዓይነቱን ሰው ባየሁት» አለች ቀስ ብላ።

ይሄኔ የኔ መኪና ግቢ ገባች። ሜካኒኩ ወርዶ እያነከሰ ወደ ውስጥ አለፈ።

ኤሌክትሪሺያኑ አየት አደረገውና ፊቱን አጨማደደ። የተጣሉበትን ብሎን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተው።

«በቃ መጣ... ማስቲሽ ተሰርዟል።»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ከዚያ የሚያነክሰውን እግሩን አየች።

ዕድሜዋን ሙሉ ጉልበቱን ጋራዥ ውስጥ የተጎዳ ይመስላት ነበር። ነግሯትም አያውቅም። ሁለቱ ጎልማሶች ደግሞ የምታውቅ መስሏቸዋል።

ቀለም ቀቢው ኋላ እንደነገረኝ ሰውየው ምሳ ሰዓት ላይ ከጋራዡ ንቅንቅ አይልም። ዛሬ የወጣው እኔ ስለቸኮልኩበት ነው። «ከወጣ እንመርጠዋለን፣ እሱን ያገኘ ደግሞ ያሸንፋል። ጨዋታችን እንዳይበላሽ ብሎ ነው የሚቀመጥልን» አለኝ። ሰውየውን ወደድኩት።

«ምነው፣ በደህና ነው?» አላት አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ቦርሳዋን አየት አድርጋ አነሳችው።

«በደህና ነው አባዬ። ልምምድ ልሄድ ስል... ሰላም ልበልህ ብዬ ነው።»

እጁ ግሪስ ነበርና ትከሻዋን በክርኑ ነካ አደረጋት። ወጣች።

ሜካኒኩ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። እዚያ ጨዋታ ላይ መርጦ አያውቅም አሉ።

«ወጥታለች?»

«ወጥታለች።»

«እንግዲያው የኔ አንደኛ ምርጫ እሷ ናት።»

«በምን ቁመቷ ነው ምሰሶን...» ብሎ ጀመረ ኤሌክትሪሺያኑ።

«እኔ ምሰሶን የያዝኩት በጉልበቴ ነው። እሷ ግን ኳሱ የት እንደሚሄድ ቀድማ ታውቃለች። ካየችኝ ትደነግጣለች ብዬ ሁሌ ከሜዳው አጥር ውጭ ቆሜ ነው የማያት። ያቺን ኮከብ የሚሏትን አጥቂ የያዘቻት ቀን፣ አጥቂዋ መጨረሻ ላይ ኳስ ስጡኝ ማለት ራሱ አቆመች። ሰው ሁሉ ኳሱን ሲያይ እኔ ልጄን ነበር የማየው።»

እነሱ አላዩም... በሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ግን አይቻለሁ። ልጅቷ አልሄደችም ነበር። ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ሁሉንም ሰምታለች።

ልትመልሰው የነበረውን ማሊያ ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቷን ጠረገችበት። ከዚያ ወደ ልምምዷ ሮጠች።

ወገኖቼ... ከኋላችን የሚወራው ሁሉ ሐሜት አይደለም። አንዳንዶቻችንን በር ዘግተው የሚያደንቁን ሰዎች አሉ።

ግን ያቺ ልጅ ትንሽ ፈጥና ብትራመድ ኖሮ መቼ ልትሰማው ነበር? የምታደንቁትን ሰው እስኪወጣ አትጠብቁት። ፊቱ ላይ ንገሩት፣ አይበላሽም።

እስቲ ልጠይቃችሁ... በሌለበት ሁሌ የምታወድሱት፣ ለራሱ ግን አንድም ቀን ያልነገራችሁት ሰው ማነው? ኮሜንት ላይ ጥሩት፣ ዛሬ ይስማ።