ሁለተኛዋ መስመር

ሁለተኛዋ መስመር ብቅ እንዳለች የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ባሏ ጋ ደወለች። ባልየው የለቀቀው ጩኸት ከስልኩ አምልጦ ኮሪደሩን አዳረሰ፤ ሦስት ሰፈር ሳይሰማው አልቀረም። አንደኛዋ መስመር ለማንም ትወጣለች። ሁለተኛዋን፣ እርግዝና የምታበስረዋን ግን፣ ስምንት ዓመት ጠብቃታለች፤ በስምንት ዓመት እንኳን ሰው ተራራም ይወለዳል።

ጋሼ የምትለው አንጋፋ ባልደረባዋ፣ ከሕንፃው መሠረት ጋር አብሮ የተጣለ የሚመስል ሰው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መመርመሪያዋን አያት። እንኳን ደስ ያለሽ አላለም።

"የት ነው የሞከርሽው?"

"እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ። ምነው ጋሼ፣ ቀናህ እንዴ?"

"ጠዋት እዚህ ጋ ምን ስትሠሪ ነበር?"

ጠዋት ብልቃጥ ከፍታ ለምርምር የሚውለውን ሆርሞን ስታሟሟ ነበር፤ ከነፍሰ ጡሮች ሽንት ተጣርቶ፣ ተጣርቶ ነጭ ዱቄት የሆነውን። መመርመሪያዋም የምትፈልገው እሱኑ ነው። ዝንብ ብታስነጥስ የሚበን ነገር ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ቢገባ ግን ዓሣውን በሙሉ ነፍሰ ጡር ያሰኛል።

"ጓንት አድርጌያለሁ እኮ።"

"እሱስ አድርገሻል። ቀይረሽዋል ወይ?"

እጇን አየች። ያው የጠዋቱ ጓንት ነው። በዚህ ጉዳይ አዲስ ገቢዎችን እንባ እስኪተናነቃቸው የምትቆጣው እሷ ራሷ ነበረች።

ከቧንቧ ውሃ ቀዳች፤ በዚያው ጓንት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሌላ መመርመሪያ ነከረችበት። ሁለቱም አጎንብሰው ጠበቁ። አንድ መስመር። ከዚያ ሌላ።

"ውሃውም አርግዟል" አለ ጋሼ፤ ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ። "ስሚኝ እቴ፣ ይሄ እኮ እርግዝና የለም ማለት አይደለም። ምንም ማለት አይደለም። ታጠቢና ከዚህ ርቀሽ ሞክሪ።"

ገዋኗን አወለቀች። እስከ ክርኗ፣ ቆዳዋ እስኪቀላ ታጠበች። ያልተከፈተ መመርመሪያና አዲስ ኩባያ ይዛ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው መጸዳጃ ቤት ገባች።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመ። መመሪያው ከሚያዘው በላይ ቆየች፤ አንድ ትውልድ የሚያልፍ መሰለው።

"እህስ?" አለ በመጨረሻ።

በመመርመሪያዋ ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ ቀጥ ያለች፣ ጥርት ያለች።

"ንጹሕ ነው፣ ጋሼ" አለች ከውስጥ። "በጣም ንጹሕ ነው።"