ሳር ይዞ ይምጣ

ዓመቱ 2017 ነው። ሚያዝያ ተጋምሷል፤ ዝናቡ ግን ዘግይቷል። የኩልፎ ወንዝ ቀጥኗል፤ የሙዙ ቅጠል ገና ከረፋዱ ይጠወልጋል።

ኤርጫፎ በዚያ ሰሞን ሙዝ ይቆርጥ ነበር። ከተቆረጠው የሚወጣው ፈሳሽ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ አንዴ ከነካ ቶሎ አይለቅም። ሚስቱ አገኘሽ ሸሚዙን ማጠብ ከተወች ቆይታለች። ልጁ ኖላዊት በመስኖ ምሕንድስና ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራ አላገኘችም። ኤርጫፎ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ማታ ስትገባ ፊቷን አየት ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ ምግቡ ያቀረቅራል።

ከግቢው በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ሳላዲን የሚባል የኮምፒውተር ጠጋኝ ተከራይቶታል። የሱቁ ዋይፋይ እስከ ጓሮ ይደርሳል።

እሑድ፣ ኖላዊት ቤተ ክርስቲያን ሳለች፣ ሳላዲን የኮምፒውተሯን ባትሪ ቀይሮ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ሰክቶ ከፍቶ ተወው።

«ጋሼ፣ እስኪሞላ እንዳይዘጋ» አለ።

ኤርጫፎ ከጓሮ ሆኖ እሺ አለው።

ኖላዊት ስትመለስ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ጠበቃት። ፋይሎቿ በሙሉ ተቆልፈዋል። ሐሙስ ሴቻ በሚባለው የከተማው ክፍል ለሥራ ውድድር የምታቀርበው የመስኖ ንድፍም እዚያው ውስጥ ነበር። አላለቀሰችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሳላዲንን ጠራችው።

ሳላዲን መጥቶ አየው። አልኮል የነካ ጥጥ አውጥቶ በጣት የሚሠራውን ስክሪን ጠረገ። አንዱን የጠቆረ ቦታ ደጋግሞ አሸው።

«ቫይረስ ነው» አለ ቀና ሳይል። «የሚመለስ አይመስለኝም።»

ማታ ጎረቤታቸው አጵሎስ ወሬውን ሰምቶ መጣ። በሰፈሩ ጠብ ሲነሳ የሚያስታርቀው እሱ ነው።

«ምኑን ነው የሚጠርገው?» አለ። «ሌባ ነው ዱካውን የሚያጠፋ።»

«ልጁ ጨዋ ነው» አለች አገኘሽ።

«ጨዋስ ነው። ግን ኮምፒውተር ካልታመመ እሱ ምን ይበላል? አንቺ ታዋጪለታለሽ?»

ኖላዊት በስልኳ የኢሜይል ሳጥኗን ከፈተች። «ይኸው። ‹ሥራውን አግኝተሻል፤ ዛሬውኑ ካልከፈትሽው ለሌላ ይሰጣል› ይላል። አድራሻውን እዩት። የመሥሪያ ቤቱን ይመስላል፤ ግን አንድ ፊደል ተጨምሮበታል። እንዲህ የሚያስቸኩል ነገር አይነካም፤ መሥሪያ ቤቱ ተደውሎ ይጠየቃል። እኔ ብሆን አልከፍተውም ነበር። የተከፈተው ዛሬ፣ እኔ ሳልኖር ነው።»

አጵሎስ ከመጣ ጀምሮ ኤርጫፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ሰው ካልነካው በራሱ አይገባም?»

«አይገባም አባዬ። የግድ ሰው መክፈት አለበት።»

አጵሎስ ሳላዲንን አስጠራው።

«ከሩቅ ብትመጣም ደንባችንን ታውቃለህ» አለው። «ያጠፋ ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ከበደለው ሰው ደጅ ይንበረከካል። ሳር የያዘ አይባረርም። ነገ ጠዋት ሳር ይዘህ ና። ካልመጣህ ክፍሉን ትለቃለህ።»

«እኔ አላጠፋሁም፣ አባባ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ሳላዲን ቀና ብሎ ኤርጫፎን አየው። ኤርጫፎ እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አወረደ።

«አላውቅም» አለ ሳላዲን። «ባላጠፋሁት ሳር አልይዝም። ውጣ ካላችሁኝ እወጣለሁ።»

«የቤቱ ጌታ አንተ ነህ» አለ አጵሎስ ወደ ኤርጫፎ ዞሮ። «ምን ትላለህ?»

«ነገ ጠዋት» አለ ኤርጫፎ።

ሲነጋ ሙቀቱ አልበረደም ነበር። ኖላዊት ንድፉን ከራሷ እያወጣች በወረቀት መሣል ጀምራለች። ሳላዲን የሱቁን መደርደሪያ አራግፎ ዕቃውን በካርቶን አሰረ፤ ባጃጅ ጠርቶ በር ላይ አቆመ። አጵሎስ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሳላዲንን ባዶ እጅ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አላልኳችሁም?» አለ።

ኤርጫፎ ከኩልፎ ዳር የነጨውን እርጥብ ሳር በሁለት የጠቆሩ እጆቹ ይዞ መጣ፤ በባጃጁ አጠገብ አለፈና ሱቁ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ።