አስቸኳይ ማሻሻያ

የመጀመሪያው ኢሜይል የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። ላኪው፣ ቢሮው የሚጠቀምበትን የመዝገብ ፕሮግራም የሠራው ድርጅት ነኝ ይላል። «አስቸኳይ ማሻሻያ» የሚባል ፋይል ተያይዞበታል። አርማው የድርጅቱ ነው። ስሙ ግን አንድ ፊደል ጎድሎታል።

የጠበቃ ሠርካዲስ ተሰማ ቢሮ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ በእግር አምስት ደቂቃ። አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት የብረት ቁም ሳጥን፣ አንዲት ጸሐፊ። ወይዘሮ ሠርካዲስ በጥብቅና ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይተዋል። ጸሐፊዋ ኑኃሚን ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ኑኃሚን ኢሜይሉን አጠፋችው። ከሰዓት በኋላ ሌላ መጣ። ማክሰኞ ሦስት መጣ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ወደ ድርጅቱ ደወሉ። ድርጅቱ ምንም እንዳልላከ፣ በስሙ ቫይረስ የሚበትኑ እንዳሉ መስማቱን ነገራቸው።

የረቡዕ ጠዋቱ በቀይ የተጻፈ ነበር። «ጠበቃ ሠርካዲስ ተሰማ፣ ዛሬውኑ ካልከፈቱት መዝገቦችዎ በሙሉ ይጠፋሉ።»

ኑኃሚን ከፈተችው።

«የእርስዎን ስም ሳይ እውነት መሰለኝ፣ እትዬ» አለች። ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ሠርካዲስ አልተቆጡም። ሄደው የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀሉ።

የፈሩት ለአንድ መዝገብ ነው። ደንበኛቸው ወይንሀረግ ከባሏ ከሰላሁን ከሸሸች አራት ወር ሆኗታል። ስትወጣ አንገቷ ላይ አሥራ አንድ ስፌት ነበር። ሰላሁን በዋስ ተለቋል። አንድ ቀን ቢሮው ድረስ መጥቶ፣ ወንበር ሲሰጡት ሳይቀመጥ፣ ሳይጮህም፣ «አገኛታለሁ» ብሏቸው ሄደ።

ያለችበትን ቤት ከወይዘሮ ሠርካዲስና ከኑኃሚን ሌላ የሚያውቅ የለም። አድራሻው የተጻፈው በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ሙሉ ውክልና ስለሰጠች ችሎት አትቀርብም። ወይዘሮ ሠርካዲስም በአራቱ ወር አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ሰፈር አልሄዱም።

ግራውንድ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ኩማ ተጠራ። ኢሜይሉን አንብቦ ሳቀ።

«ይሄ ሌባ ነው እንዴ፣ እትዬ? የድርጅቱን ስም እንኳ አስተካክሎ አልጻፈውም! ያዙኝ ያዙኝ የሚል ሌባ አይቼ አላውቅም።»

«ምን ወሰደብኝ?»

«በአንዴ ምን አውቃለሁ? ፋይሉን ሱቅ ወስጄ ልፈትሸው። ግን ምን ያለ ነገር ቢኖር ነው እንዲህ ፊትዎ የጠቆረው?»

«ሥራህን ሥራ» አሉት።

ፍላሹን ሰካ። በዚያው መሃል ስልካቸው ጠራና በረንዳ ወጡ። ሲመለሱ ኩማ ፍላሹን ኪሱ ከቶ በሩ ጋ ደርሷል።

ኑኃሚን ኮቴው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ጠበቀች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ባለፈው ወር ኩማ የሰላሁን መጋዘን ውስጥ ካሜራ ገጥሜ መጣሁ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«እስከ ዛሬ ምን አፍሽን ያዘው?»

«እንጀራው ነው ብዬ ነዋ። ማን ይጠረጥራል?»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቦርሳቸውን አነሡ።

«አከራይዋ እማማ ድንቅነሽ ስልክ አላቸው እኮ» አለች ኑኃሚን። «በእሳቸው በኩል ይንገሯት።»

«ባልሽ ሊደርስብሽ ነው ተብሎ በስልክ ይነገራል? መርዶ በስልክ ሲነገር አይተሻል? ብቻዋን ናት። ስትደነግጥ እጇን የሚይዛት ሰው ያስፈልጋታል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ የሰበታ ታክሲ ያዙ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ኩማን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሩ። ኩማ የለም። ተሳፍረውም በመስኮቱ አዩ። የለም።

«እናቴ፣ የረሱት ሰው አለ እንዴ?» አለ ረዳቱ።

«የለም። ንዳ በለው።»

ሰበታ ሲደርሱ ወፍጮ ቤቱ ጋ «ወራጅ አለ» አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰውም ወረደ፤ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ። ወይዘሮ ሠርካዲስ አስፋልቱን ግራ ቀኝ አዩ። ኩማ እዚህም የለም። ቀደምኩት ብለው አሰቡ፤ ወደ ቅያሱ ገብተው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

እማማ ድንቅነሽ የውጭውን በር ከፈቱላቸው። ወይንሀረግ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ስታያቸው የያዘችው አንሶላ ከእጇ ወደቀ።

«እርስዎ? ምን ሆነ?»

«ነይ ተቀመጪ» አሉና እጇን ያዙ። «አድራሻሽ ሳይወጣ አልቀረም። ልብስሽን ያዢ፣ ዛሬ እዚህ አታድሪም።»

ወይንሀረግ አላለቀሰችም። እጇ ብቻ ወደ አንገቷ ሄደ። ከዚያ ተነሥታ ከአልጋ ሥር ሻንጣ ጎተተች።

ስልካቸው ጮኸ። ኩማ ነው። ወይዘሮ ሠርካዲስ ስሙን ለአፍታ ትክ ብለው ተመለከቱት፤ ከዚያ አነሡት።

«የት ነህ አንተ?»

«ሱቅ ነኛ፣ እትዬ። እንኳን ደስ አለዎት! ፋይሉ ባዶ ነው፤ ቫይረስ የለውም፣ ከኮምፒውተሩም ምንም አልወሰደም፤ ማንም ይላከው ማን፣ እርስዎን ከማስደንገጥ ሌላ የፈለገው ነገር የለም።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ወፍጮ ቤቱ ጋ አብሯቸው ወርዶ ጫማውን ለማሰር ያጎነበሰው ሰው ትዝ አላቸው።