ሁለት ጣት ያጠረው ወረቀት

ኑዕማን እንደ ሚዛን ከተማ ዝናብ ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማባሪያ የለውም። ታናሽ እኅቱ ዩስራ ደግሞ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር እንደተደቀነ በርሜል ናት፤ የወረደውን ሁሉ ዝም ብላ ተቀብላ ታጠራቅማለች። ዛሬም ከጁምዓ ስግደት መልስ፣ እናታቸው ከድጁ የተማሪ ደንብ ልብስ በምትሰፋበት በረንዳ ላይ፣ እሱ ይዘንባል፤ እሷ ትሞላለች።

ነገሩ የሟቹ አባታቸው የአባቢያ መኪና ነው፤ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ባለ ቱርቦ፣ ከሸኮ ሲመጣ ድምፁ ቀድሞት አማን የሚገባ የውድድር መኪና። አባቢያ ሲናዘዝ፣ ሞተሩ እስካልደከመ ድረስ እንዳይሸጥ፣ መድከሙም በመሣሪያ ተመዝኖ እንጂ በአፍ እንዳይወሰን አደራ ብሏል።

ኑዕማን ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ወስዶ፣ ዳይኖ በሚሉት የጉልበት መለኪያ ላይ አውጥቶታል። አሁን ወረቀቱን ለአጎታቸው ለፈሀድ ያነብለታል። በአባቢያ ዘመን ሁለት መቶ ሰማንያ የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር፣ ዛሬ ሁለት መቶ ዐሥር ብቻ ነው። እሱ ያስማማው ገዢም ከቴፒ ተነሥቷል።

"ሰባ ፈረስ ሙቶ እንዴት አልሸተተንም?" ይላል ፈሀድ።

ከድጁ ከልቧ ትስቃለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ የዚህ ቤት ምሰሶ የኑዕማን ቃል ነው፤ እሱ ደከመ ካለ ደክሟል። ዩስራ ግን ብድግ ብላ የአባቷን የድሮ ወረቀት ከመሳቢያ ታወጣና ከአዲሱ ጎን ትዘረጋዋለች። እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምሕንድስና ተምራ የወጣች ልጅ ናት።

መሣሪያው የሚያነበው ጎማው ላይ የደረሰውን ጉልበት ነው ትላለች። ከሞተሩ እስከ አራቱ ጎማ ባለው መንገድ ማርሹም ዘንጉም የየድርሻቸውን ይበላሉ። ስለዚህ መዛኙ በመጨረሻ ፍሪሲዮን ረግጦ ጎማዎቹን በራሳቸው እንዲቆሙ ይለቃቸዋል፤ ቶሎ ወይም ዘግይተው ከመቆማቸው የተበላው ይታወቃል፤ እሱ ሲደመር የሞተሩ ጉልበት ይገኛል። በአባቷ ወረቀት ላይ ሦስቱም ቁጥር አለ፦ ከላይ ጎማ ላይ የደረሰው ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ የተበላው ስድሳ ስምንት፣ ከግርጌ ድምሩ ሁለት መቶ ሰማንያ። በአዲሱ ላይ ያለው የላይኛው ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ዐሥር።

"የዚያን ግርጌ ከዚህ ራስጌ ጋር ነው ያስተያየኸው፣ ወንድሜ" ትላለች በለሰለሰ ድምፅ። "ማንም ይሳሳታል። ሞተሩ አባዬ እንደተወው ነው።"

"ታዲያ የዚህ ግርጌ የት ሄደ?" ይጠይቃል ፈሀድ።

"እንዲህ ነው የሰጡኝ" ይላል ኑዕማን። የቃሉ ዝናብ እዚህ ላይ ቀጥ ይላል።

ከድጁ ሁለቱን ወረቀቶች ታነባብራቸዋለች። አዲሱ ሁለት ጣት ያጥራል። ቁጥር አታውቅም፤ የተቆረጠ ነገር ግን ታውቃለች። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ትዳስሰዋለች፤ እመሐል ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥርስ።

ይህችን ጥርስ ታውቃታለች። በሚዛን ተማሪ ሁሉ ልብስ ውስጥ፣ ከስፌቱ በታች ተደብቃ አለች። ኑዕማን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የሽቦ መኪና ልሥራ ብሎ በእናቱ መቀስ ሽቦ ቆረጠበት፤ ስለቱ ተሸረፈ። ያን ቀን አባቢያ እየሳቀ አስጥሎት እንጂ ልትገርፈው ነበር። መቀሱንም ሳትቀይረው ሃያ ሦስት ዓመት ሠራችበት፤ ሽርፈቷ ልጇን ታስታውሳት ነበርና።

ቀና ብላ ታየዋለች። ኑዕማን የስፌት መኪናውን ፔዳል ያያል።

"መኪናው አይሸጥም" ትላለች ለሁሉም። "ቁልፉ ከዛሬ ጀምሮ በዩስራ እጅ ይሆናል። ፈሀድ፣ ለገዢው ደውልለት፤ በከንቱ አይድከም።"

ከዚያ መቀሱን ከጨርቁ ላይ ታነሣና መያዣውን ወደ ልጇ ታዞራለች።

"ይህን አንተ ውሰደው። እኔ ከእንግዲህ አልቆርጥበትም።"